የሎሚ ልጣጭ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው የሚደርሱበት ይህ ባሕረ ገብ መሬት ጫካ ነው፤ ጫካው ግን ወፍ ዘራሽ አይደለም። ሰው የተከለው፣ ሰው የሚኮተኩተውና የሚለቅመው ነው። የአገሩ ሰው እንደሚናገረው፣ አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ስፍራ መጥተው ገዳም ሲመሠርቱ መሬቱ በሞፈር እንዳይታረስ፣ ቀንድ ከብትም እንዳይረባበት ቃል ኪዳን ተቀበሉ። ሕዝቡ በእህል ፋንታ የሚተዳደርባቸው ሦስት ተክሎችም ተሰጡት፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ።

ትውፊቱን በትውፊትነቱ እንያዘው፤ ኑሮው ግን የታየ፣ የተመሰከረ ነው። የዘጌ ሰው ለዘመናት የጫካውን ፍሬ በደንገል ታንኳ ጭኖ ሐይቁን ተሻግሯል፤ ሲመለስም እህል ይዞ ገብቷል። ስለ ቡናው ብዙ ተጽፏል። ጌሾውም ጠላና ጠጅ እስካሉ ድረስ የሚረሳ አይደለም። ሎሚው ግን ሁልጊዜ ሦስተኛ ሆኖ ነው የሚነሣው፤ ልጣጩን ደግሞ ከነጭራሹ የሚያነሣው የለም። እዚህ የምንከተለው ያንን ያልተነሣውን ነው።

በድሮ ቤት ልጣጭ ወዲያው አይጣልም ነበር። ዶሮ በሎሚና በጨው ሲታጠብ ተጨምቆ ያለቀው ቅርፊት ራሱ መፈግፈጊያ ሆኖ እያንዳንዱን ብልት ያሻል። ከዚያ ከተረፈ ክርንና ተረከዝ ይታሽበታል፤ ፎረፎር ላስቸገረው ራስ፣ ጭርት ለወጣበት ገላም ይፈለጋል። የዛገ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ይወለወላል። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። መኪና የሚያዞረው መንገደኛ ዛሬም ሎሚ በእጁ ጨብጦ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ እንዳያስመልሰው በየኩርባው በጥፍሩ ቧጨር እያደረገ ያሸተዋል። የሚያሸተው ጭማቂውን አይደለም። ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ትኩስ ልጣጭ ወስዶ፣ አረንጓዴው ፊት ወደ ሻማ ነበልባል እንዲዞር አድርጎ በሁለት ጣት አጥፎ መጭመቅ ነው። የሚረጨው ጠብታ እሳቱ ላይ ሲደርስ እየተንጣጣ ይቀጣጠላል። ውሃ ቢሆን ኖሮ እሳቱን ባጠፋው። የሚነደው በቅርፊቱ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች የተቋጠረ ዘይት ነው፤ ከዘይቱም ትልቁን ድርሻ የያዘው ሊሞኒን የሚባለው ውሁድ ነው። ከአረንጓዴው ሥር ያለው ነጭ ክፍል ደግሞ ፔክቲን የሚባል፣ ውሃ ይዞ የሚያረጋ ነገር አለው። የእኛ አገር ገበያ ሎሚ ትንሽ፣ ክብና ልጣጨ ስስ በመሆኑ ነጩ ክፍሉ ቀጭን ነው፤ ዘመዱ ትርንጎ ግን ከሞላ ጎደል ነጭ ሥጋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የልጣጭ ታሪክ እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ፣ የዘይቱና የፔክቲኑ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ከገባው የፖርቱጋል መልእክት ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በገዳማት ግቢ ካያቸው ተክሎች መካከል የሎሚ ወገኖችን ጠቅሷል። እርግጥም ገዳም ለሎሚ ይመቻል፤ አጥር አለው፣ ውሃ አለው፣ ዛፍ ቢቆርጡ ነውር የሚሆንበት ቦታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢየሱሳውያን ጎርጎራ ላይ ሰፈሩ፤ ታዋቂው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚያው በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ልጣጩ በዚያ ዘመን የሚወድቀው ፍሬው ከበቀለበት ዛፍ እምብዛም ሳይርቅ ነበር። አፈር ላይ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ ተመልሶ ቅጠል ይሆናል። ዘጌ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ሎሚ አልነበረም።

ልጣጩን ሸቀጥ ያደረጉት ሲሲሊያውያን ናቸው። በመሲና አካባቢ የነበረው የጥንት አሠራር የሚገርም የእጅ ሙያ ነው። ሎሚው ለሁለት ይገመሳል፤ ሥጋው በስለታም ማንኪያ ተፍቆ ይወጣል፤ ባዶው ቅርፊት ለሰዓታት ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንዲጠነክር ይደረጋል። ከዚያ ሠራተኛው ጎድጓዳ የሸክላ ዕቃ በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ይቀመጣል፤ በዕቃው አፍ ላይ የባሕር ስፖንጅ ያጋድማል፤ ቅርፊቱን በስፖንጁ ላይ እያዞረ በመዳፉ ይጫናል። ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ስፖንጁ ዘይቱን ይጠጣል፣ ሲሞላ ዕቃው ውስጥ ይጨመቃል። ሽቶ ቀማሚው፣ ከረሜላ ሠሪው፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ የሚፈልገው ይህንን ነበር። ከመቶ ኪሎ ልጣጭ አንድ ኪሎ ዘይት ቢገኝ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ያለው የሰው መዳፍ ድካም ብዙ ነው።

ሳይንቲስቶቹ ዘግይተው ነው የመጡት፤ መጀመሪያም ዓይናቸውን የጣሉት ጭማቂው ላይ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ሲትሪክ አሲድን በክሪስታል መልክ ለየ። በ1825 ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ ፔክቲንን ለይቶ ስም ሰጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላው ፈረንሳዊ ሌብርቶን ከብርቱካን ልጣጭ ነጭ ክፍል ሄስፐሪዲን የተባለውን ውሁድ አወጣ። ከዚህ በኋላ ልጣጭ ምን እንደያዘ የማያውቅ ኬሚስት አልነበረም። አውቆ መጠቀም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ።

በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ዘጌ የታወቀችው በቡናዋ ነበር። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እንደጻፉት፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዚያ ጫካ ልማት በባሪያ ጉልበትም የተደገፈ ነበር። ስለ ጫካው ውበት የሚጻፈው ሁሉ ይህንንም ሊይዝ ይገባዋል፤ የዛፉን ሥር የኮተኮቱት እጆች ሁሉ የባለ መሬቶቹ አልነበሩምና።

እ.ኤ.አ. በ1915 በካሊፎርኒያ ኮሮና በምትባል ከተማ የሎሚ ገበሬዎች ማኅበር አንድ ፋብሪካ ከፈተ። ገበሬዎቹ የቸገራቸው ነገር ቀላል ነበር፤ ቅርጹ ያላማረ፣ የተላጠ፣ የተቀጠቀጠ ሎሚ ገበያ አይወጣም። የሚጥሉትን እንዳይጥሉ በጋራ አዋጥተው ሲትሪክ አሲድ፣ የሎሚ ዘይትና በኋላም ፔክቲን ማምረት ጀመሩ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው የመንግሥት ወይም የከበርቴ ሐሳብ አልነበረም፣ የገበሬ ማኅበር ሐሳብ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሻጋታ የሎሚን ዓለም ገለበጠው። አሜሪካዊው ጄምስ ከሪ በ1917 ጥቁሩ ሻጋታ አስፐርጊለስ ናይጀር ስኳር እየበላ ሲትሪክ አሲድ እንደሚሠራ አሳየ፤ ፋይዘር ኩባንያም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ። የኢጣሊያ ሎሚ ለአሲድ የነበረው ገበያ እየደከመ ሄደ። ጭማቂው በሻጋታ ተተካ ማለት ነው። ልጣጩ ግን አልተተካም። ማርማላታ የሚያረጋው፣ መድኃኒትና እርጎ የሚያወፍረው ፔክቲን እስከ ዛሬ በዋናነት የሚወጣው ከሎሚ ወገኖች ልጣጭና ከተጨመቀ አፕል ተረፈ ምርት ነው። የተናቀው ክፍል ከተከበረው ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

እ.ኤ.አ. 1936 ለልጣጩም ለጣናም ከባድ ዓመት ነው። በሀንጋሪ አልበርት ሴንት-ጆርጂና ባልደረባው ኢሽትቫን ሩስኛክ ከሎሚ የለዩት የፍላቮኖይድ ድብልቅ የደም ሥር ግድግዳን ያጠነክራል ብለው፣ ቫይታሚን ፒ የሚል ስም ሰጡት። ሴንት-ጆርጂ በማግሥቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ቫይታሚን ፒ ግን ቫይታሚን እንዳልሆነ በኋላ ታወቀና ስሙ ተሠረዘ። ውሁዶቹ አልተሠረዙም፤ ሄስፐሪዲን ዛሬም ለደም ሥር ሕመም በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ አለ። በዚያው ዓመት የኢጣሊያ ጦር ጣና ደረሰ። ዳንግላ ላይ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ የታተመውም ያን ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ያኔ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተጠግታ ያለች የዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ሠሪዎች መንደር ነበረች። የልጣጭን ዋጋ ከማንም በፊት ያወቀች አገር ወታደሮቿን ወደ ሎሚ አገር ላከች፤ ይዘውት የመጡት ግን የመሲናን ሙያ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ መንደሯ ከተማ ሆነች። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች፣ ሆቴሎች፣ የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ተከተሉ። ዓሣ ቤቱ በዛ፤ ቀረሶው ተጠብሶ፣ አምባዛው ተቀቅሎ፣ ነጭ ዓሣው ተፈልፍሎ ሲቀርብ ሎሚ ከሳህኑ ጠርዝ አይጠፋም። ይህ የልማድ ጌጥ ብቻ አይደለም። አምባዛ አንዳንዴ የጭቃ ሽታ ይሸታል፤ ሽታው ጂኦስሚን ከሚባል፣ የሐይቅ ጥቃቅን ሕይወት ከሚያመርተው ውሁድ የሚመጣ ነው። ጂኦስሚን ደግሞ በአሲድ ይፈርሳል። የባሕር ዳር ሴቶች ዓሣውን በሎሚ አሽተው የሚያቆዩት ኬሚስቱ ሳይነግራቸው ነው።

ይሁን እንጂ ልጣጭ ቆሻሻ የሆነውም ያን ጊዜ ነው። ዘጌ ላይ ከዛፉ ሥር ይወድቅ የነበረው ቅርፊት አሁን በፌስታል ከአጥንት፣ ከላስቲክና ከሲጋራ ቁራጭ ጋር ተጨምቆ ይወጣል። ከዛፉ ራቀ፤ ወደ አፈሩ የሚመለስበት መንገድ ተቆረጠ። ሎሚው የተለወጠ ነገር የለውም።

ፈረንጆቹ በዚህ መካከል ሌላ ነገር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ሊሞኒንን ለመጀመሪያ ጊዜ በፀረ ተባይነት መዘገበች። ዘይቱ የነፍሳትን የሰም ሽፋን ያሟሟል፤ ነርቫቸውንም ያውካል። ከዚያ ወዲህ ሽንብራና በቆሎ የሚያበላሸውን ነቀዝ በልጣጭ ዘይትና ዱቄት ለመከላከል በብዙ አገር ተሞክሯል። ውጤቱ እንደ መጠኑና እንደ ጎተራው አከዳደን ይለያያል፤ ዘይቱ በኖ ስለሚጠፋም ደጋግሞ መጨመር ይጠይቃል። የጎጃም ገበሬ ጎተራውን ሙሉ ለሙሉ በሎሚ ይጠብቅ አልልም። ለዘር ያስቀመጣትን በክዳን የታሸገች ጥቂት ሽንብራ በደረቀ ልጣጭ መሞከር ግን የሚያስከትለው ኪሳራ የለም።

አሁን ወደ ኮስታ ሪካ ልሂድ፤ የልጣጭ ታሪክ ከዚህኛው የበለጠ ምዕራፍ የለውምና ሰፋ አድርጌ እነግረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዴል ኦሮ የተባለ የጭማቂ ኩባንያ ከጓናካስቴ ጥብቅ ደን አጠገብ ብርቱካን ይጨምቅ ነበር። የሥነ ምህዳር ሊቃውንቱ ዳንኤል ጃንዘንና ባለቤቱ ዊኒ ሃልዋክስ አንድ ስምምነት አቀረቡለት። ኩባንያው ከደኑ ጋር የሚዋሰነውን የራሱን ደን መሬት ለጥብቅ ደኑ ይሰጣል፤ በምላሹ ልጣጩን በነፃ፣ በከብት ግጦሽ ባለቀ የደኑ መሬት ላይ ይደፋል። ስምምነቱ ተፈረመ። አንድ ሺህ ያህል የጭነት መኪና እየተመላለሰ 12,000 ቶን ልጣጭ በ3 ሄክታር ገደማ ላይ አፈሰሰ። መሬቱ ድንጋያማ፣ ከውጭ የመጣ ኃይለኛ ሣር የወረሰው፣ ዛፍ የማይነሣበት ነበር።

ልጣጩ ተቦካ፣ ጠቆረ፣ የዝንብ እጭ ወረረው። ሣሩ ታፍኖ ሞተ። ወራት ሲያልፉ ያ ሁሉ ክምር ጥቁር ለም አፈር ሆነ። ይሁንና ቲኮፍሩት የተባለ ተፎካካሪ ኩባንያ ብሔራዊ ደን ረክሷል ብሎ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፈረደለት። ሥራው ቆመ፤ ቦታው ተረሳ። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ የፕሪንስተን ተመራማሪው ቲሞቲ ትሮየር ቦታውን ለማየት ሲሄድ የምልክት ሰሌዳውን እንኳ ማግኘት ተቸገረ፤ ሐረጉና ዛፉ ውጦታል። ልጣጭ ያልተደፋበት የመንገዱ ወዲያኛው ወገን ያው ሣር ነው። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ልጣጭ የለበሰው መሬት ከምድር በላይ ያለው የዕፅዋት ክብደት ከወዲያኛው በ176 በመቶ በልጦ ተገኘ። ፍርድ ቤት ያወገዘው ቆሻሻ ደን አበቀለ።

ጣና ዙሪያ የተራቆተ ኮረብታ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይሸፍታል። እርግጥ ኮስታ ሪካ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ልጣጩም የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። የባሕር ዳር ዓሣ ቤቶችና ጭማቂ ቤቶች ተደምረው አንድ ሺህ መኪና አይሞሉም። አንድ የችግኝ ጣቢያ ግን ይሞላሉ።

ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ከተማዋ ለልጣጭ ሥራ የሚያስፈልገውን ዕውቀት በአንድ ጥሪ ርቀት አገኘች። የኬሚካልና የምግብ ምሕንድስና ፋኩልቲ አላት። የኢትዮጵያ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘውም እዚሁ ነው። ይህ ሁለተኛው ለልጣጭ ምን ይመለከተዋል የሚል ቢኖር ጥጡን ይመልከት። ጥሬ ጥጥ በሰምና በፔክቲን የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑ ካልተነሣለት ውሃም ቀለምም አይጠጣም። ፋብሪካዎች ይህንን በኮስቲክ ሶዳ አፍልተው ያነሡታል፤ ብዙ ውሃና ነዳጅ ይፈጃል፣ የሚወጣውም ፍሳሽ ለወንዝ ጠር ነው። ፔክቲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ግን ይኸንኑ ሽፋን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይበላዋል። ይህን ኢንዛይም የሚሠሩት ደግሞ ሻጋታዎች ናቸው፤ በደንብ የሚሠሩትም ፔክቲን የበዛበት ነገር፣ ለምሳሌ የሎሚ ልጣጭ፣ ሲቀርብላቸው ነው። ጥጥ የሚፈተልበትና ሎሚ የሚጨመቅበት ከተማ አንድ መሆኑ ዕድል ነው፤ በዓባይ መውጫ ላይ መሆኗ ደግሞ ዕድሉን ግዴታ ያደርገዋል።

ሐይቁ በበኩሉ ማስጠንቀቂያውን ሰጥቷል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ወረረ። አረሙ የሚወፍረው ከማሳና ከከተማ በሚታጠበው ማዳበሪያና ብስባሽ ነው። የሎሚ ልጣጭ ብቻውን ጣናን አልጎዳም፤ ጎድቷል ብሎ መናገር ማጋነን ነው። ነገር ግን ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ውሃው የሚገባ ማንኛውም ብስባሽ ተጠያቂ ሊኖረው ይገባል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ሰው ልጣጩን ሳይቀር አፍልቶ ታጠነ። በሽታውን አላዳነም፤ ቫይረስ የሚገድል እንፋሎት አልነበረም። ግን ከተሜው ለጥቂት ወራት ሎሚን ከነልጣጩ እንደ ውድ ነገር ያዘ፤ አንዲት ቅርፊት እንኳ ሳትፈላ አትጣልም ነበር። ዋጋው ሲወርድ ልጣጩ ወደ ገንዳው ተመለሰ።

ልጣጭ መሸጥ ይቻላል ወይ ለሚል ጥያቄ መልሱ ዴንማርክ ናት። ሎሚ የማይበቅልባት ያቺ ቀዝቃዛ አገር ከዓለም ትልልቅ የፔክቲን ፋብሪካዎች አንዱ አለባት፤ ልጣጩ ደርቆ በመርከብ አርጀንቲናንና ሜክሲኮን ከመሳሰሉ አገሮች ይመጣላታል። የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ከክብደቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ፔክቲን ነው። ዋናው ጥበብ ፍጥነት ነው፤ ልጣጭ ተጨምቆ ሲያድር የራሱ ኢንዛይም ፔክቲኑን መሰባበር ይጀምራል። ስለዚህ በዕለቱ በፈላ ውሃ ነከር ተደርጎ ኢንዛይሙ ይገደላል፣ ስኳሩ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል። የባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ ለማድረቂያው ክፍያ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ሊያየው ይችላል። የደረቀው ልጣጭ ተፈጭቶ፣ አሲድ በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አሲዱ የራሱ የሎሚው ሊሆን ይችላል። ይጣራል። በተጣራው ላይ ሁለት እጥፍ ጠንካራ አልኮል ሲፈስበት፣ ንጹሕ የነበረው ፈሳሽ በቅጽበት ይደፈርሳል፤ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ክር ክር እየሠራ ይንሳፈፋል። ያ ነው ፔክቲን። አልኮሉም አይጠፋም፤ ተነጥሮ ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ማርማላታ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ፓፓያ የራሱ ፔክቲን አነስተኛ ስለሆነ ማርማላታው ይቀጥናል፤ የሎሚ ነጭ ልጣጭና ፍሬ በንጹሕ ሻሽ ቋጥሮ አብሮ መቀቀል፣ ሲበስል ቋጠሮውን ጨምቆ ማውጣት ይበቃል። ነጭ ቅርፊት ያወጣ ማንቆርቆሪያም ልጣጭ ሲፈላበት ይለቅቃል።

ጥንቃቄዎቹንም ልናገር፤ ልጣጭን የሚያወድስ ሰው ጉዳቱን ሲሸሽግ ደስ አይለኝም። የእኛ ዓይነቱ ሎሚ ልጣጭ ቤርጋፕተን የመሰሉ፣ ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳ የሚያቃጥሉ ውሁዶች አሉት። ፊቱን ወይም እጁን በልጣጭ አሽቶ የጣና ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው በማግሥቱ ውሃ የቋጠረ ቁስል፣ ከዚያም ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊያገኘው ይችላል። የሚያሽ ማታ ይሽ፣ ጠዋት ሳይወጣ ይታጠብ። ፀረ ተባይ የተረጨ ፍሬ ልጣጭ ለምግብ አይሁን። ሊሞኒን ሚቴን የሚያመርቱትን ጥቃቅን ሕዋሳት ስለሚያዳክም ብዙ ልጣጭ በጥሬው ባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ መጨመርም ጋዙን ያደክመዋል፤ መጀመሪያ ዘይቱ በእንፋሎት ቢወጣ ዘይቱም ጋዙም ይተርፋሉ። ለብስባሽ ማዳበሪያም ቢሆን ከደረቅ ቅጠልና ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ እንጂ ለብቻው ተከምሮ አይሆንም።

ከአቡነ በትረ ማርያም ትውፊት እስከ ዛሬ ብዙ ዘመን አልፏል። አሁን የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ፋኩልቲው አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ሎሚውም ከዘጌና ከአካባቢው ይመጣል። የጎደለው ልጣጩ ከአጥንትና ከላስቲክ ሳይቀላቀል የሚሰበሰብበት ባልዲ ነው። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤትና ጭማቂ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ከወጥ ቤታችሁ በር አጠገብ ለሎሚ ልጣጭ ብቻ የሚሆን አንድ ባለ ክዳን ባልዲ አስቀምጡ። ከተማ አስተዳደሩ በየዕለቱ የሚያነሣው አንድ ጋሪ ይመድብ። ዩኒቨርሲቲው በሩን ከፍቶ ይቀበል፤ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ልጣጭ ፍለጋ ገበያ ለገበያ መዞር አይኖርባቸውም። ከሚመጣው በጋ በፊት በአሥር ዓሣ ቤቶች ቢጀመር ይበቃል።